ከሥሩ ሱቅ ያለው ቤት

ለታናሽ እህቴ ለኮኪ
ናይሮቢ

እንዴት ሰነበትሽልኝ ኮክዬ? ባለፈው ስንደዋወል ያፈነሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም በሎሚ ብቻ እየሸነገልሽው ነው? ሥራ እንዴት ነው? ያ አለቃሽ ፀባዩ ተሻሻለ? አልጋሽን የምትጋራሽ ዋሪቱስ ደህና ናት? እናቷ ተሻላቸው? ናይሮቢ ዝናብ ሲይዝ ይበርዳል ይላሉና ያን ወፍራም ሹራብ ልበሺ፤ እንድትሸጪው አይደለም የላኩልሽ። እኛ ከእማዬ ጉልበት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን። ባሌ ገልገሎ እንደ ልማዱ ከጭነት መኪናው ወርዶ እግሩን ሳያፍታታ ተመልሶ መንገድ ይነሳል። ልጄ ቦሩ አባቱን በቁመት ሊያልፍ ምንም አልቀረው፤ ሱሪ መግዛት ሰልችቶኛል። ዝናቡ ዘንድሮ አልነፈገንም። በኦቦ መንደር በኩል ያለው መንገድ ግን ጭቃ ሆኖ ወተት የሚያመጡልን ሴቶች አንድ ቀን መጥተው ሌላ ቀን ይቀራሉ።

ደብዳቤ ማየትሽ ያስደነግጥሽ ይሆናል። ማንም አልሞተም። ስልክ እያለ ወረቀት የያዝኩት ቤታችንን ስለምታውቂው ነው፤ እማዬ ከአጠገቤ ሳትጠፋ ስላንቺ አንድ ቃል መተንፈስ አይቻልም። ስምሽ ሲነሳ ከጓሮ ትሰማለች። ዋትስአፕ ላይ ብጽፍልሽ ደግሞ ሥራ ላይ ሆነሽ ግማሹን ታነቢና «እሺ» ብለሽ ትመልሻለሽ። ይሄ በእሺ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልብስ በምትልኪልኝ አውቶቡስ እልከዋለሁ፤ ስታነቢው ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ስትቆጪም ቁጭ ብለሽ ተቆጪ።

እማዬን ለጉልበቷ ሐኪም ዘንድ ላመጣት እንደሆነ ነግሬሻለሁ። አንቺም ገና ሳልጨርስ «አልጋው የእማዬና ያንቺ፣ እኔና ዋሪቱ መሬት» ብለሽ ደልድለሽ ጨረስሽ። እኔም እሺ አልኩሽ። እሺ ያልኩት ግን በአፌ ብቻ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነሽ፣ ሊፍት የለም፣ ደረጃው ጨለማ ነው። እማዬ የእኛን በረንዳ ስትወጣ እንኳ ግድግዳ ይዛ ማርያምን ሳትጠራ አታልፍም። ይህን አስቤ፣ ወይም ይህን አሰብኩ ብዬ፣ አንቺን ሳላማክር ሌላ ማረፊያ መፈለግ ጀመርኩ።

ያፈላለገልኝ አዳኖ ነው፤ እዚያው ናይሮቢ ታክሲ የሚነዳው የገልገሎ የአጎት ልጅ። መጀመሪያ መሀል ከተማ ያሉትን ሆቴሎች በቪዲዮ አየን። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ከመስኮቱ ሥር ሙዚቃውን እያስጮኸ ሲያልፍ በስልክ ሰማሁና ተውኩት። አንቺ ሰፈር ኢስትሊ ጥሩ ጥሩ ማረፊያ ሞልቷል፣ ግን ኢስትሊ ማለት ሞያሌ ነው፣ ሁሉም የእኛው ሰው፤ ሻንጣችንን ሳናወርድ አንዱ ደውሎ ይነግርሽ ነበር። እይው እንግዲህ፣ ገና ከጅምሩ እንደ ሌባ ነው ያሰብኩት። ሮንጋይን አየን፣ አዳኖ ራሱ የመንገዱን መጨናነቅ ፈርቶ ተወው። ኪተንገላ አየሩም ቤቱም ደግ ነው፣ ከሆስፒታሉ ግን በጣም ይርቃል። በመጨረሻ ምርጫችን ሩዋካ ላይ አረፈ።

ሩዋካን አንቺ ታውቂው ይሆናል። ከከተማው ዳር ነው፣ ግን የጎደለው ነገር የለም። ሊፍት ያለው ሕንፃ ነው። ከሥሩ ዳቦ ቤት፣ መድኃኒት ቤትና ሱፐርማርኬት አለ። መንገዱን ሲሻገሩ ደግሞ ሞል፣ በሞሉ ውስጥ ምግብ ቤት በምግብ ቤት ላይ ተደርድሯል። ዓሣ የሚጠበስበት፣ ፒላው ሩዝ የሚሸጥበት፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም የሚሠራ የሐበሻ ቤት እንኳ አለ። አዳኖ ስልኩን ወዲያና ወዲህ እያዞረ «ዳዳ፣ ኪላ ኪቱ ኢኮ ሃፓ፤ ሁሉም ነገር እዚሁ አለ፣ ከዚህ ንቅንቅ ማለት የለባችሁም» ይለኛል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ስል ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን አዳኖን መጀመሪያ የጠየቅኩት ሊፍት አለ ወይ ብዬ አይደለም። የጫማ መደብሮቹ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናቸው ብዬ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው ልብስ ስሸጥ ኖሬ አንድ ጊዜ እኔም በሰው መደብር ውስጥ ዝም ብዬ መዞር አማረኝ። ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ያበሰለውን መብላት፣ ሳህኑንም ሌላ ሰው ሲያነሳው ማየት አማረኝ። ልብስ እየመረጥሽ፣ በጀርባሽ ተሸክመሽ እስከ አውቶቡሱ እያደረስሽ የኔን ሱቅ የምትሞዪው አንቺ ነሽ። አንቺ ያለሽበትን ክፍል ትቼ ነው ያማረኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። አዳኖ ቤቱን በቪዲዮ ሲያሳየኝ እማዬ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ድምፁን ሰምታ መጣችና ከትከሻዬ በላይ አየች። ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ወጥ ቤቱ፣ በመስኮቱ በኩል የሚታየው ሞል፣ ሁሉም በዓይኗ ፊት አለፈ። «የምናርፈው እዚህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ምስሩን ከነሰፌዱ አስቀምጣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ «ኮኪዬን፣ ልጄን፣ እግዜር እንዲህ ባለ ቤት አኖረልኝ!» ብላ አለቀሰች።

ገባሽ አይደል? ያንቺ ቤት መሰላት። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ልጇ በምትኖርበት ከተማ ሰው ቤት ተከራይቶ ያድራል ብላ በሕልሟም አታስብም። የተጣላ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። እኛ ደግሞ አልተጣላንም። ስለዚህ የምናርፍበት ቤት ያንቺ ካልሆነ የማን ሊሆን ይችላል? ላስተካክላት አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ጎረቤታችን ፎዚያ ወተት ይዛ ገባች፣ እማዬም ለእሷ መንገር ጀመረች። የእማዬን ፊት ብታይው ኖሮ! አባታችን ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማት። እሑድ ወደ ኢትዮጵያ ማዶ ተሻግራ ከቅዳሴ በኋላ ለጽዋ ማኅበሯ ሁሉ አወራች። የኮኪ ቤት ከሥሩ ሱቅ አለው፣ የኮኪ ቤት በኤሌክትሪክ ነው የሚወጣው፣ ኮኪ ዳቦ ሲያምራት በነጠላ ጫማ ወርዳ ገዝታ ትመለሳለች። ልጇ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ባዶ እጇን እንደማትሄድም ታውቂያለሽ። ቅቤ አስነጥራ ጨረሰች። ሽሮና በርበሬ አስፈጨች። ለዚያ ሳሎን ትንሽ ነገር አይሆንም ብላ ሰፊ ምንጣፍ ገዛች፤ ቢዘረጋ ካንቺ ክፍል አልፎ ኮሪደሩ ላይ የሚወጣ። እኔም አብሬያት ጠቀለልኩ፣ በገመድ አሰርኩ።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ከመምጣታችን አስቀድመሽ ከአዳኖ ቁልፉን ተቀበይ። ልብሶችሽን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስቀይ፣ ፎቶሽን ግድግዳው ላይ አድርጊ። እኛ ስንደርስ በሩን አንቺ ክፈቺልን። እማዬ መርቃ ትገባለች፣ ትታከማለች፣ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ማንም አይጎዳም። ዋሪቱም ለእንግድነት የመጣች ጓደኛ ትሁን።

—

ኮክዬ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን የጻፍኩት ቅዳሜ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ቀድጄ ልጥለው ነበር፣ ግን ምን ልጠይቅሽ እንደነበር ማወቅ ይገባሻል ብዬ ተውኩት። ከራስሽ ከተማ፣ ከራስሽ አልጋ አስነስቼ በሰው ቤት አስመስዪ ልልሽ ነበር። ዋሪቱን እንኳ እንግዳ ላደርጋት ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ። ትናንት ጠዋት ዓምበሮ መጣ፤ ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን። በግ እየጎተተ ነው የገባው። ምንድን ነው ብል ምስጋና ነው አለኝ። ለካ ሴት ልጁ ማርያም ናይሮቢ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ እማዬም «ኮኪ ቤት መኝታ ክፍል ተርፏል፣ አንዱ የማርያም ነው፣ አታስብ» ብላ ቃል ሰጥታዋለች። ሰውየው ልጄ የት ትወድቃለች ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ነበር መሰለኝ፣ እማዬን ጉልበቷን ስሞ እንባው መጣ። በጉ መሀል ቤት ቆሞ ያየኛል። እኔ በጉንም ዓምበሮንም ማየት አቃተኝ።

ዓምበሮ ሲወጣ እማዬን ጓሮ ወስጄ ነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ያ ቤት የኮኪ አይደለም፣ እኔ ነኝ የተከራየሁት፣ የኮኪ አንድ ክፍል ነው አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። «ኮኪ ናይሮቢ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። አለች፣ ኢስትሊ ናት አልኩ። «ታዲያ ለምን ተከራየሽ? ተጣላችሁ?» አለች። አይ፣ አልተጣላንም። ስለ ጉልበትሽ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ምናለ በጮኸችብኝ። ትጠይቀኝ ጀመር። ከማን ጋር ነው የምትኖረው አለች። ዋሪቱ ከምትባል ከዳበል መንደር ከመጣች ልጅ ጋር ነው፣ ደህና ልጅ ናት አልኳት። መስኮት አለው? አለው። አንቺ አምና ስትሄጂ የት ተኛሽ? አልጋው ላይ። ኮኪስ? መሬት ላይ፣ ከዋሪቱ ጋር። ይህን ስላት ቀና ብላ አየችኝ። «እሷ አልጋዋን ሰጥታሽ መሬት ላይ ተኛች፤ አንቺ ደግሞ እሷን ከእኔ የምትደብቂበት ቤት ተከራየሽ» አለችኝ።

ጉልበትሽን አስቤ ነው ብዬ ደገምኩላት። «ጉልበቴን ተይው። ጉልበቴ ቢያምም አያፍርም» አለችኝ። ቀጥላም፣ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ሳለን በአንድ ሸራ ሥር ስናድር፣ ዝናቡ በአናታችን ሲወርድ፣ ያኔ ማን ነበር ያፈረብሽ አለች። እውነቷን ነው ኮክዬ። አምና ካንቺ ስመለስ ቤቷ እንዴት ነው ስትለኝ «ደህና ቤት ናት» ብዬ ወሬውን የቀየርኩት ያኔ ጉልበቷ ገና ሳይብስ ነው። አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም። ማንም ዋሺልኝ አላለኝም። አፈርኩብሽ። ከእኔ ይልቅ ጠንክረሽ እየሠራሽ፣ እኔን እየደገፍሽ፣ በክፍልሽ ጥበት አፈርኩብሽ። ይህን በአፌ ልልሽ ስለማልችል በወረቀት እለዋለሁ።

እማዬ ከዚያ ምን ያደረገች ይመስልሻል? ነጠላዋን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ዓምበሮ ጋራዥ ድረስ በእግሯ ሄደች። አብሬሽ ልሂድ እያልኩ ከኋላዋ ተከተልኳት። በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት «ዓምበሮ፣ ልጄ ያላት አንድ ክፍል ነው፣ እሱም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሳላውቅ ነው ቃል የሰጠሁህ» አለችው። እኔ ቱታ በለበሰ ሠራተኛ ጀርባ ልደበቅ ምንም አልቀረኝ። ዓምበሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ። «እማማ፣ እኔ ፎቅ መቼ ጠየቅኩ? ሰው ያለበት ቤት ይሁንላት ነው ያልኩት። ልጄ ብትታመም የሚደውልልኝ ሰው ካለ እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አላት። በጉን ይውሰድ ብንለውም እምቢ አለ፤ ግቢያችሁን ለምዷል ብሎ ቀለደብን። ስለዚህ የማርያም ነገር ያንቺ ውሳኔ ነው፤ ቦታ የለኝም ካልሽ ማንም አይቀየምሽም፣ እማዬም ይህን ንገሪያት ብላለች።

ለጽዋ ማኅበሯም ልትነግር ነው። ተይ፣ ምን አስቸኮለሽ ብላት «ልጄ ሠርታ በምትከፍለው ክፍል ነው የምትኖረው፤ ይሄ ምኑ ነው የሚደበቀው?» አለችኝ። ለካ ሲከብደኝ የኖረው ነገር ለእሷ ሸክምም አልነበረም። ሰፊውን ምንጣፍ ፈትታ ለእኔ ሳሎን ሰጠችኝ፣ በላዩ ላይ በሄድኩ ቁጥር እንዲቆጠቁጠኝ ይሆናል። በምትኩ ላንቺና ለዋሪቱ ሁለት ብርድ ልብስ አስገባች። ቅቤውን ግን አልቀነሰችም።

እናም የመጨረሻው ውሳኔ ይህ ነው። እማዬ የምታርፈው አንቺ ጋ ነው። ደረጃውን እየተቀመጥኩ እወጣዋለሁ ብላለች። በየፎቁ አንድ አንድ በርጩማ ከጎረቤቶችሽ ተዋሺላት፤ በዚያውም ጎረቤቶቿን እተዋወቃለሁ ትላለች፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አንቺ ከምታውቂው የበለጠ ሳታውቅ ላይ አትደርስም። ከገባች በኋላ ደረጃውን የምትወርደው የምትወጣው ለሐኪም ብቻ ይሁን። አዳኖ ታክሲውን በር ድረስ ያቀርብላታል። ሐኪሙ ጋ ስንሄድ ደግሞ ያን ሞል አንድ ቀን ልታይ ትፈልጋለች። «ኮኪ ታሳየኛለች፣ ቁጭ ብለን እንበላለን፣ ማደሪያዬ ግን ልጄ ያለችበት ነው» ነው ያለችው።

እኔስ የት ልደር አልኳት። ዕቃዋን ከማጠፍ ቀና ሳትል «አንቺማ ቤት ተከራይተሻል» አለችኝ።

ኮክዬ፣ ትናንት ከሰዓት አዳኖን ደውዬ ቤቱን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነግሬዋለሁ። የሚያበሳጨው ነገር ብዙ ነው፣ ብዙ ተሳደበ፣ ይገባኛል። አሁን በዚያ ትልቅ ከተማ ማደሪያ የለኝም። ታላቅ እህትሽ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ አሳድሪኝ ለማለት አልደፍርም። አልጋው የእማዬና ያንቺ ይሁን፤ እንደ ልጅነትሽ አብራችሁ ተኙበት። እኔን መሬት ላይ፣ ከዋሪቱ አጠገብ፣ ቦታ ካለ ንገሪኝ። ዋሪቱን ደግሞ አስቀድመሽ ጠይቂያት፣ የእሷም ቤት ነው። ተቀይሜሻለሁ፣ አልፈልግም ካልሽም እውነቱን በይኝ፤ እማዬን በርሽ ድረስ አድርሼ ሌላ ማደሪያ እፈልጋለሁ፣ በዚያም አልቀየምሽም። ግን በርሽ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ግቢ ብትዪኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ ልነግርሽ አልችልም።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ቤቱን ለእኔ ብላ እንዳታሳምር፣ ከማንም ፍራሽ እንዳትዋስ በያት ብላለች። ገልገሎ እንደ ወንድም ሰላም ይልሻል፤ ስለ ቤቱ ጉዳይ እኔ የለሁበትም በያት ብሎኛል፣ እውነቱን ነው የለበትም። ቦሩ የኳስ ጫማ ይጠይቅሻል፣ እንዳትሰሚው። ፎዚያ ሰላም ብላሻለች። ዓምበሮና ልጁ ማርያምም እንዲሁ። ለዋሪቱ ሰላምታዬን ከይቅርታ ጋር አድርሺልኝ፤ ምን አድርጋኝ ነው ብትል ይህን ደብዳቤ አንብቢላት።

ወለሉ ላይ ቦታ የምትለምንሽ
እህትሽ ዘርፌ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.